ለክሊኒኩ ነው ክሊኒኩን?

የዶብሰን ፎርክ ትልቁ መቀስ አይቆርጥም። ከተማው በሙሉ ያውቃል። የማያውቁት ከዋሽንግተን የሚመጡ ሰዎች ብቻ ናቸው።

መቀሱ ቁመቱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ያክላል። ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል። ሲያዩት በሬ ያርዳል፣ ሲሞክሩት ቅቤ አይቆርጥም። የተሠራው ለፎቶ ነው። ሱቅ ሲከፈት፣ ድልድይ ሲጠገን፣ ከንቲባው መቀሱን እንደ ጊታር ታቅፎ ቀዩ ሪባን ፊት ይቆምና ጥርሱን ያሳያል። ሪባኑን የምትቆርጠው ግን ላቮን ሀክስቴፕ ናት።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሪባኑ መሀል ላይ ጎመን የሚያክል ቋጠሮ ይታሰራል። ላቮን ሪባኑን የያዘች መስላ ጎን ትቆማለች፤ ትንሿን የስፌት መቀሷን ከቋጠሮው ሥር ደብቃለች። ፎቶ አንሺው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ይላል። ሦስት ላይ ባለሥልጣኑ ትልቁን መቀስ ሲገጥም ላቮን ትንሿን ቅጭ! ሪባኑ ይወድቃል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ጋዜጣው ሲወጣ ባለሥልጣኑ ሙሉ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ከላቮን የሚታየው ክርኗ ነው።

«በዚህ አገር እንዳንቺ ክርን የታወቀ ክርን የለም» ይላታል ዱዊ፣ የባሏ ወንድም። «ለምርጫ ብናቀርበው ያሸንፋል። ቢያንስ ሥራ ይሠራል።»

ለዚህ ሥራ ማንም አልሾማትም። ድሮ የዕቃ መደብሩ ሲከፈት፣ የዚያን ጊዜው ከንቲባ ከመቀሱ ጋር ሲታገል ሲታገል ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ላቮን የመደብሩን መስኮት ለመጋረጃ ልትለካ መጥታ ቆማ ነበር። መቀሷ አንገቷ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። ሰውየው አሳዘናትና ጠጋ ብላ ቆረጠችለት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ሪባን ባለበት ሁሉ «ላቮንን ጥሩ» ሆነ።

እንጀራዋ መጋረጃ ነው። በከተማው እሷ መጋረጃ ያልሰፋችለት ቤት ከተገኘ ሰው አይኖርበትም ማለት ነው። ስለዚህ የሰውን ነገር ከመስኮቱ ታነባለች። ስስ መጋረጃ የነበረው ሰው ድንገት ወፍራም ካዘዘ ከጎረቤት ተኳርፏል። ወፍራሙን በስስ የለወጠች ሴት ወይ ባል አግኝታለች፣ ወይ ባሏ ሄዶላታል። ሰው እንዲህ ይነበባል። ፖለቲካ ግን መስኮት የለውም። ካለውም መጋረጃውን የሰፋው ሌላ ሰው ነው።

ላቮን ሪፐብሊካን ናት። መርጣው አይደለም፣ እንደ ደም ዓይነት ነው። አባቷም፣ እናቷም፣ የእናቷ አክስትም ያው ናቸው። ካልታመምክ ደግሞ ማን የደም ዓይነትህን ይጠይቅሃል? እናቷ ስትሞት ሁለት ነገር አወረሰቻት፤ የስፌት መኪናዋን፣ እና በየምርጫው ግቢው ሣር ላይ ተተክሎ የእጩ ስም የሚሰቀልበትን የሽቦ እግር። የሪፐብሊካን ምልክት ዝሆን ስለሆነ እናትየው የጠረጴዛ ልብሱን ሁሉ ዝሆን ጠልፋበት ነበር። ዱዊ እሁድ ምሳ ሲመጣ መረቅ የሚያንጠባጥበው እየመረጠ ዝሆኖቹ ላይ ነው።

ዱዊ ዴሞክራት ነው። ጫማ ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ነበር። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ማኅበሩ ተበተነ፣ ክርክሩ ብቻ እሱ ጋ ቀረ። የነሱ ምልክት አህያ ነው፤ አህያ ያለበት ቆብ ያደርጋል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ የሚያወልቀው ጸሎት ሲጀመር ነው። ሁለቱ ሲነታረኩ ባሏ ቨርጅል መሀል ቁጭ ብሎ ድንቹን በሹካ ይፈጫል። እሱ የምርጫ ቀን ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄድ ሰው ነው።

«ዝሆኑ ይረግጥሃል፣ አህያው ይራገጥብሃል» ይላል። «ዓሣ ምን አድርጎኝ?»

ታዲያ ቨርጅል ታመመ።

ኩላሊቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን መታጠብ አለበት። የከተማው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ደግሞ በጀት የለም ተብሎ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ላቮን በፒካፑ ትልቁ ከተማ ድረስ ታመላልሰዋለች። መንገዱ ቀኑን ይበላዋል። ቨርጅል ታጥቦ ሲወጣ ራሱ እንደታጠበ ጨርቅ ስለሚሆን መንዳት አይችልም፤ የላቮንን ዓይን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነው። «መጋረጃ ሰፊዋን መጋረጃ ጋረዳት» ብሎ ዱዊ ቀልዶ ነበር፣ ማንም አልሳቀለትም። ባለፈው የበረዶ ወቅት፣ መንገድ ዳር የቆመ የፖስታ ሳጥን ነው ብላ ያለፈችው ነገር ድንገት ተራመደ። አጋዘን ነበር። መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። አጋዘኑ ቆሞ አያቸው፣ አያቸውና ሄደ።

ቤት የመሸጥ ነገር ያን ቀን ተነሣ። ልጃቸው ትልቁ ከተማ ውስጥ ሆስፒታሉ አጠገብ ትኖራለች። «ምድር ቤቱ ውስጥ ክፍል አለ እኮ፣ እማዬ» ትላለች። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። ላቮን፣ ያለ መስኮት! ትሮይ የሚባል፣ የመኖ ነጋዴው አማች፣ ቤታቸውን ሊገዛ ይፈልጋል። ጨዋ ሰው ነው፤ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ አበባዋን እንዳይረግጥ ዞሮ ነው ያለፈው።

«ሚስ ላቮን፣ እስከ ዓርብ አዎ ወይ አይ ይበሉኝ» አላት። «ሌላም ቤት አይቻለሁ።»

በዚያው ሳምንት ክሊኒኩ ሊከፈት ነው ተባለ። ረቡዕ ሪባን ይቆረጣል። ቆራጩ የዋሽንግተን ምክር ቤት አባል የሆነው ሪፐብሊካኑ ኪፕ ትሬስለር ነው።

የላቮን ጥያቄ እንግዲህ አንዲት ናት። ክሊኒኩ ተከፍቶ ይቆያል ወይስ ተመልሶ ይዘጋል? ከቆየ ቤቱ አይሸጥም። ከተዘጋ ይሸጣል፣ ምድር ቤት ይገባል። በጀቱን የሚያጸድቀው ትሬስለር ያለበት ምክር ቤት ነው፣ ስለዚህ መልሱ እሱ ጋ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደል?

ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤቷ ውስጥ ሬዲዮኑን ከፈተች። ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። «ወገኖቼ! ክሊኒካችንን ማን አዳነው? ኪፕ ትሬስለር! ማን? ኪፕ ትሬስለር!» ላቮን ደስ አላት። በርሜሉ ትንፋሽ ሳይወስድ ቀጠለ፤ «ያ ዋሽንግተን ላይ የወጣው ገንዘብ አባካኝ ሕግ ደግሞ አገር አጥፊ ነው! ኪፕ ትሬስለር እንደ ጀግና ተቃወመው!» ደስታዋን ሳታጣጥም ዱዊ በጓሮ በር ገባ።

«ሰማሽ? ክሊኒኩ የሚከፈትበት ገንዘብ የመጣው በዚያ ሕግ ነው።»

«በየትኛው?»

«በተቃወመው!»

«ሌላ ሕግ ይሆናል።»

«ያው ሕግ ነው፣ አንቺ ሴት! ‹አይሆንም› ብሎ ድምፅ የሰጠበት። አሁን መጥቶ ሪባኑን ይቆርጣል። ሠርጉን ሲያንጓጥጥ ከርሞ ኬኩን ልቁረስ የሚል አጎት አታውቂም? እሱ ነው።»

«ላንተማ ሪፐብሊካን ዝናብ ቢያዘንብልህ አረጠበኝ ነው የምትለው።»

«ያዝንብና እንየዋ! ‹የገበሬ ልጅ ነኝ› ይላል። አባቱ ያረሰው የጎልፍ ሜዳ ነው። ፒካፑንስ አይተሽዋል? ጭቃው እንኳ በብሩሽ ነው የተቀባው።»

«መጋረጃሽ ያምራል ብሎኛል» አለች ላቮን። እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ የዘማቾች አዳራሽ ሲመረቅ ጨብጧት፣ ቀና ብሎ መጋረጃውን አይቶ ያምራል ብሏታል። መጋረጃ አይቶ የሚያመሰግን ሰው ክፉ አይሆንም፣ ላቮን ዕድሜ ልኳን እንዲህ ነው የምታምነው። «ያንተስ አህዮች ክሊኒኩ ሲዘጋ የት ነበሩ?»

ዱዊ ከጠረጴዛው ላይ ጣፋጭ ፓይ አንሥቶ ጎረሰ። ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ ፓይ ነው የሚጎርሰው።

ከሰዓት ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች። ፀጉር ሠሪዋ ኦፓል አገር ያወቃት የትሬስለር ደጋፊ ናት፣ መስታወቷ ላይ ፎቶውን ለጥፋለች። ላቮን ጠየቀቻት።

«ተቃውሞታል ደግፎታል?»

«ተቃውሞ ነዋ ያዳነው!» አለች ኦፓል፣ ማበጠሪያውን እያወዛወዘች። «ፖለቲካ እንዲህ ነው፣ የኔ እናት። ስትቃወሚ ይፈሩሻል። ሲፈሩሽ ይሰጡሻል። ቢደግፍማ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?»

ላቮን ማድረቂያው ሥር ተቀምጣ አሰበችው። ለአፍታ ገብቷት ነበር። ማድረቂያው ሲጠፋ አብሮ ጠፋ።

ቤት ገብታ ለትሬስለር ቢሮ ደወለች። ድምፀ ማር የሆነች ልጅ፣ «ድምፅዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» አለቻት። ላቮን ጉሮሮዋን ጠራረገች። «የመልእክት ሳጥኑ ሞልቷል» አለች ልጅቷ። ጥ! ተዘጋ። ላቮን ስልኩን እንደያዘች ቀረች። የትኛውን ድምፅ ነው ዋጋ አለው ያለችው? የምርጫውን ነው የጉሮሮውን?

ማክሰኞ ትሬስለር በስልክ የሚካሄድ የሕዝብ ስብሰባ ጠራ። ሰው ፊት ቆሞ ስብሰባ ካደረገ ዓመታት አልፈዋል። የመጨረሻው ላይ አንዲት አስተማሪ ጮኸችበት፣ ከዚያ ወዲህ በሽቦ ውስጥ ነው የሚመጣው። «ወገኖቼ! በሚመጣው በጀት ብክነትን እንቆርጣለን! የሚስማማ አንድን ይጫን! በጣም የሚስማማ ሁለትን ይጫን!» ላቮን ለ«አልገባኝም» የቱ እንደሚጫን ጠበቀች። አልተነገረም። የስልኩን ኮከብ ምልክት ተጫነች። ሙዚቃ መጣ። ሙዚቃውን እየሰማች የአንድ ትልቅ መጋረጃ ጠርዝ ሰፍታ ጨረሰች። ከሙዚቃው ሌላ የመጣ ነገር የለም።

«ብክነት ማለት ምንድነው?» አለችው ቨርጅልን።

ቨርጅል መንጠቆውን እያጸዳ ነበር። «እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ማሬ።»

ለቀልድ ነው ያለው። ላቮን ግን መርፌው ጣቷን ወጋት።

ረቡዕ ጠዋት ከተማው ክሊኒኩ በር ላይ ተሰበሰበ። የትምህርት ቤቱ ባንድ አለ፣ ዶናት አለ፣ ዱዊም አህያውን ቆብ ደፍቶ አለ። ቨርጅል የመጀመሪያው ታጣቢ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ኮፍያውን አድርጎ፣ የመራመጃ ብረቱን ተደግፎ ከሪባኑ ወዲህ ቆሟል። ከኋላው ሌሎች ሕመምተኞች ተሰልፈዋል። ነርሷ ከሪባኑ ወዲያ በሩን ከፍታ ይዛ ሰዓቷን ታያለች። ታጣቢ ሰው ብዙ መቆም አይችልም።

የትሬስለር ፒካፕ መጣ። ላቮን ጎማውን አየች። ጭቃው በእርግጥም ዙሪያውን እኩል ነበር። «ይህ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም» አለች ለራሷ። መጀመሪያ የወረደችው ማኬና የምትባል ረዳቱ ናት። ወጣት ናት፣ ስልኳ መዳፏ ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው።

«የሪባኑ ሴትዮ እርስዎ ነዎት? ሚስ ላቮን! ኧረ እንዴት ያምራሉ! እንግዲህ ክቡርነታቸው ዛሬ ጥያቄ አይቀበሉም። የደስታ ቀን ስለሆነ።»

«ጥያቄ የሚቀበሉት የኀዘን ቀን ነው?» አለች ላቮን። ልታሾፍ አልነበረም። ቀኑን ልታውቀው ነው።

ማኬና ሳቅ ብላ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

ትሬስለር ማይክሮፎኑን ያዘ። ረጅም ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው። ሲናገር በየመሀሉ እጁን ደረቱ ላይ ይጭናል፤ ልቡ እንዳትወድቅበት የፈራ ይመስላል።

«ወገኖቼ! ይህ ክሊኒክ ከሰማይ አልወረደም! እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ! በዚያ ዋሽንግተን በሚባል ረግረግ ውስጥ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ፣ ታግያለሁ!»

«ታግሏል!» ብሎ ጮኸ ዱዊ ከኋላ። «እውነቱን ነው፣ ታግሏል! ግን ለክሊኒኩ አይደለም፣ ክሊኒኩን ነው የታገለው! አቃተው እንጂ ሊጥለው ነበር!»

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ «ዝም በል፣ አንተ አህያ!» አለው። ዱዊ ቆቡን ነካ አድርጎ አመሰገነ። ላቮን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ እንደ ትንኝ ይዞር ጀመር። ለክሊኒኩ። ክሊኒኩን። አንዲት «ለ» ናት እኮ። አንዲት «ለ» ስትገባና ስትወጣ ነው ሰው ቤቱን የሚሸጠው።

«እንግዲህ ወደ ሪባኑ!» አለ ከንቲባው።

ትሬስለር ትልቁን መቀስ ታቀፈ። ላቮን ጎኑ ቆመች፣ ትንሿ መቀስ ከቋጠሮው ሥር ናት። ሽቶው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ይህ ሰው ከዚህ ሲሄድ መልሶ ሬዲዮ ነው፣ መልሶ ስልክ ነው። ሰው የሚሆነው አሁን ብቻ ነው።

«አንድ!» አለ ፎቶ አንሺው።

«ክቡርነትዎ» አለች ላቮን በሹክሹክታ፣ «ክሊኒኩ ተከፍቶ ይቆያል?»

«ሁለት!»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናቴ» አለ ትሬስለር በጥርሱ መሀል፣ ፊቱን ከካሜራው ሳይነቅል።

«ሦስት!»

ትሬስለር መቀሱን ገጠመው። ሪባኑ ንቅንቅ አላለም። ላቮን መልሱን እየጠበቀች ነበር። በኋላ ዱዊ «እምቢ አለችው!» እያለ ከተማውን ሲዞር ከረመ እንጂ እሷስ እምቢ አላለችም። ሰው ጠይቃ መልስ ስትጠብቅ እጇ አይሠራም፣ ድሮም እንዲህ ናት።

«እንደገና!» አለ ፎቶ አንሺው። «አንድ!»

«ምን ሆኖ ነው ይሄ? አይቆርጥም እኮ!» አለ ትሬስለር።

«አዎ፣ አይቆርጥም» አለች ላቮን። «ሕጉን ደግፈውታል ወይስ ተቃውመውታል?»

«ሕጉን ነው የተቃወምኩት፣ ክሊኒኩን አይደለም።»

«ያለ ሕጉ ይከፈት ነበር?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው።»

«ሁለት!»

«በሚመጣው በጀትስ ይቆረጣል?»

«የሚቆረጠው ብክነቱ ነው።»

ላቮን ቨርጅልን አየችው። ቨርጅል ጥቅሻ ሰጣት፤ የሚያወሩት አልተሰማውም። «ብክነቱ ማነው?» አለች።

«ሦስት!»

ትሬስለር በሁለት እጁ ጨመቀ። ሪባኑ መቀሱ አፍ ውስጥ ገብቶ እንደ ማስቲካ ታኘከ። ሳበው፣ ጠመዘዘው፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ተከለ። ከግንባሩ ላብ ወረደ።

«ይኸው! አሁን ደግሞ ሪባኑን እየታገለ ነው!» አለ ዱዊ። «በጀት ላይ እንደዚያ የሚቆርጥ መቀስ ሪባን ላይ ምን ነካው?»

አሁን የሳቀው ከግማሽ በላይ ነው። ኦፓል እንኳ አፏን በዶናት ሸፈነች። ባንዱ ያለቀ መስሎት መንፋት ጀመረ።

«እናቴ» አለ ትሬስለር፤ ጥርሱ አሁንም ነጭ ነው፣ ዓይኑ ግን ማኬናን ይፈልጋል፣ «እታገላለሁ። ቃሌ ነው።»

«ለክሊኒኩ ነው ክሊኒኩን?»

«ምን?»

«ሲታገሉ። ለክሊኒኩ ነው ክሊኒኩን?»

ትሬስለር ያን ጊዜ ነው ከካሜራው ዞሮ ያያት። ላቮን የጠበቀችው የሚዋሽ ሰው ፊት ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ እውነቱን ያውቀዋል፣ ጎትተህ ታወጣዋለህ። ይህ ግን ግራ የገባው ፊት ነበር። ሰኞ ማድረቂያው ሥር መስታወት ውስጥ ያየችው፣ የራሷ ፊት። እሱም አያውቀውም! ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ አያውቀውም!

«ወንበሩ ዝግጁ ነው!» አለች ነርሷ ከወዲያ። «ስንት ሰዓት ልናቆማቸው ነው?»

«ማሬ፣ እኔ ገባሁ» አለ ቨርጅል።

ሪባኑን በአንድ እጁ ከፍ አደረገና ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አለፈ። ኮፍያው ወደቀ። ከኋላው ያለችው ሴትዮ አንሥታ አቀበለችውና እሷም ጎንበስ ብላ አለፈች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንዱ ባለጎማ ወንበር ላይ ነበር፣ መጎንበስ እንኳ አላስፈለገውም።

ትሬስለር ግን ፖለቲከኛ ነው። ከሁሉም ቀድሞ ነቃ። መቀሱን ማኬና ላይ ጥሎ ሪባኑን በሁለት እጁ ወደ ላይ አነሣላቸው። «ግቡ ወገኖቼ! ግቡ!» ፎቶ አንሺው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሁሉም ከገቡ በኋላ የላቮን እጅ ሥራው ትዝ አለው። ቅጭ! ሪባኑ ወደቀ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሰው ወደ ዶናቱ ሄዶ ነበር።

ጋዜጣው ሐሙስ ወጣ። ትሬስለር ሪባኑን ከፍ አድርጎ፣ ቨርጅል በሥሩ ሲያልፍ። ከላይ «ለሕሙማን በር ከፈቱ» ይላል። ላቮንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቷ ወጥቷል፣ አፏ ተከፍቶ።

«ክርንሽ ይሻል ነበር» አላት ዱዊ።

በርሜሉም በሬዲዮ፣ «ወገኖቼ! በገዛ እጁ ነው ያስገባቸው!» እያለ ነበር። ላቮን ጋዜጣውን አየች፣ ሬዲዮኑን ሰማች፣ እሷ ራሷ እዚያ ነበረች፣ ደግሞም እውነት ነው፤ በገዛ እጁ ነው ያነሣው። ጋዜጣውን አጥፋ አስቀመጠች። አንድ የገባት ነገር ቢኖር ቨርጅል ረቡዕ ታጥቦ ሲወጣ ምሳውን በገዛ ጠረጴዛው መብላቱ ነው። ድንቹን ሁለት ጊዜ ጨምሯል።

ዓርብ ትሮይ መጣ። ሣሩ ላይ የእናቷ የሽቦ እግር ተተክሏል፣ ምርጫ እየደረሰ ነውና ላቮን በልማድ ተክላዋለች። ስም ግን አልሰቀለችበትም። ትሮይ ባዶውን ሽቦ አየና ዞሮት አለፈ፣ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ሚስ ላቮን፣ አዎ ነው አይ?»

ላቮን አፏን ከፈተች። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብላ ቁጭ አለች።

«እንዴት?»

«ቤቱን አልቃወምም... ማለቴ ሽያጩን ነው እንጂ... ሽያጩን እደግፋለሁ፣ ግን...»

ትሮይ ኮፍያውን በእጁ ያዞረዋል። ከውስጥ የቨርጅል ሳቅ ፈነዳ። እንደዚያ ከሳቀ ቆይቶ ነበር። «ማሬ፣ ሰውየውን ልቀቂው! እንዲህ በአንድ ሳምንት ምክር ቤት ትገቢብኝ?»

ላቮንም ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አይ ነው» አለች። «አይሸጥም፣ ልጄ። ይቅርታ።»

«ክሊኒኩ ይቆያል አሉ እንዴ?»

«እኔ እንጃ።»

«ትሬስለር ምን አለ?»

«እሱም አያውቀውም።»

«ታዲያ ቢዘጋስ?»

ላቮን ሳሎኗን ዞር ብላ አየች። ጠዋት ነው፣ ብርሃኑ በስሱ መጋረጃ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል፤ ሞራ ለጋረደው ዓይንም ይታያል። «ከተዘጋም ያኔ ግራ ይገባኛል» አለች። «አሁን የዛሬው ይበቃኛል።»

ትሮይ ጨዋ ሰው ነው፣ አልተከራከራትም። ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ደረጃውን ሊወርድ ሲል ዝም ብሎ መሄዱ ደግ አልመሰለውምና ቀና ብሎ መስኮቱን አየ።

«መጋረጃዎ ያምራል፣ ሚስ ላቮን።»

ላቮን የትሬስለር ቃል ትዝ ብሏት በሩን ሳትዘጋ ትክ ብላ አየችው።

«ለምን?» አለችው።